«ለአንድነት ሲባል» የሚዘጋው መዝገብ

በቤተ ክርስቲያን አካባቢ «አንድነት» የሚለው ቃል በብዛት የሚሰማው መቼ እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስካየሁት ድረስ ቃሉ የሚወጣው አንድ ሰው ብድግ ብሎ «የሕንፃው ገንዘብ የት ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው። ጥያቄው ሳይመለስ ከወዲያ በኩል «ኧረ ልጆቼ አንድነታችንን እንጠብቅ፣ ጠላት ደስ አይበለው» የሚል ድምፅ ይመጣል። እልል ይባላል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ ጉባኤው ይበተናል። የገንዘቡ ነገር ግን እዚያው በተጠየቀበት ይቀራል።

ስለ ትልልቆቹ መከፋፈሎች ብዙ ተብሏል። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በሁለት ሲኖዶስ ተለያይታ የቆየችው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በዋሽንግተን ስትታረቅ ስንቱ በደስታ እንዳለቀሰ እናስታውሳለን። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ወሊሶ አካባቢ በሃሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን ከሲኖዶስ ውጪ የተፈጸመውን ሹመትና ከዚያ በኋላ የመጣውን ጭንቅም አንረሳውም። በወሩ፣ የካቲት 8 ቀን፣ ባለ 10 ነጥብ ስምምነት ተደረሰ። በስምምነቱ ውስጥ ምእመናን በቋንቋቸው የሚገለገሉበት ጉዳይ ተጽፎ ሳነብ ሹመቱ ቀኖና መጣሱ ሌላ ጉዳይ ሆኖ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህ የቋንቋ ጥያቄ እዚያ ከመድረሱ በፊት በስንት ስብሰባ «ለአንድነት ሲባል» ይቆይ ተብሎ አልፎ ይሆን?

የዛሬው ጉዳዬ ግን ዜና የማይሆነው መሰንጠቅ ነው። በየሰፈራችን ደብር ውስጥ ያለው። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ በር ገብተው በተለያየ ጥግ የሚቆሙበት፣ ሰላምታ የሚቋረጥበት፣ የጽዋ ማኅበር ለሁለት የሚከፈልበት። የዚህ መሰንጠቅ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ሃይማኖት አይደለም። ሒሳብ ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ ያልተነገረ ሒሳብ።

ነገሩን ከእድር ጋር ሳስተያየው ሁሌም ይገርመኛል። እናቴ ያለችበት እድር በየወሩ እሑድ ይሰበሰባል። ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ ስም ይጠራል፣ ያልከፈለ ይቀጣል፣ ገንዘብ ያዡ በባንክ ያለውንና በእጁ ያለውን ለይቶ ይናገራል። ድንኳኑ ስንት ቦታ ተቀዷል፣ ስንት ሳህን ጎድሏል፣ ትልቁን ብረት ድስት ማን ወስዶ አልመለሰም፤ ሁሉም ይነበባል። አንድ ጊዜ ሁለት ወንበር ጠፍቶ ጉባኤው ግማሽ ቀን ሲከራከር ዋለ። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር! እነዚሁ አባቶችና እናቶች ናቸው እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ለዓመታት ገንዘብ ስለተዋጣለት ሕንፃ አንዲት መስመር ሪፖርት ሳይሰሙ «አሜን» ብለው የሚመለሱት።

ሞኝ ሆነው አይደለም። እድሩ ውስጥ ገንዘብ ያዡ አቶ እከሌ ነው፣ ሰው ነው፣ ቢያጠፋ ይወቀሳል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ጠያቂው የሚፈራው አለቃውን ብቻ አይደለም፤ መዳፈር ይሆንብኛል ብሎ ነፍሱን ይፈራል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል ከቤተ መንግሥት ከወጣ ቆየ፤ ደብር ውስጥ ግን ዛሬም አለ። ሌላም የተለመደ ማምለጫ አለን፤ «የእግዚአብሔርን ገንዘብ የነካ እግዚአብሔር ይጠይቀው» እንላለን። መንፈሳዊ ይመስላል። ሲተረጎም ግን «እኔን አታስቸግሩኝ» ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ግን እንዲህ ብላ አልደነገገችም። የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ የሆነው ቃለ ዓዋዲ የወጣው በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ነው። ደንቡ የደብሩን አስተዳደር ለአለቃው ብቻ አልተወም። ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በተወካዮቻቸው አማካይነት አብረው እንዲያስተዳድሩ አደረገ። ጊዜውን ልብ በሉልኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ለዘመናት የተኖረበት የመሬት ገቢ በአምስት ወር ውስጥ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኗ በዋናነት የምትኖረው ከምእመኑ ኪስ በሚወጣ ገንዘብ ነው፤ በአስራት፣ በስእለት፣ በሙዳየ ምጽዋት፣ በሰበካ ጉባኤ የአባልነት ክፍያ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ቆም ማለት አይቀርለትም። ባለርስት ለማንም ሒሳብ አያወጣም፤ ገበሬው ገባሪ ነው እንጂ ጠያቂ አይደለም። ገቢው ከሰው ኪስ ሲሆን ግን የሚሰጠው ሰው ማወቅ ይፈልጋል። የእኛ ችግር ገቢው ከመሬት ወደ ሰው ዞሮ የሒሳብ ልማዱ እዚያው የመሬቱ ዘመን ላይ መቅረቱ ይመስለኛል። ደንቡ አለ፣ ኮሚቴው አለ፣ ተቆጣጣሪ ተብሎ የተመረጠም ሰው አለ። ያልተለመደው ነገር ወረቀቱን ለሕዝብ ማንበብ ነው።

አንድ ደብር ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ስሙ ይቅር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አጣሪ ኮሚቴ ሲቋቋም የሰንበት ትምህርት ቤቱ እኔን ወከለኝ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ «አንተ ኢኮኖሚክስ አይደል የተማርከው?» አሉኝ። (ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ሒሳብ ይመረምራል ብሎ የሚያስበው የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም መሰለኝ።) ለአዲሱ ሕንፃ ለዓመታት ገንዘብ ሲሰበሰብ ነበር። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው ላይ ሲደረስ ሥራው ቆመ። የእንጨት መወጣጫው ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይታያል፣ ሠራተኛ ግን የለም። በየበዓሉ የሚነገረው ግን «ሥራው በእቅዱ መሠረት እየሄደ ነው» የሚል ነው። አንዳንዴ «ብረት ተወደደ» ይጨመርበታል። ብረት በእርግጥም ተወዶ ነበር፤ ግማሽ እውነት ከሙሉ ውሸት የሚከፋው ለዚህ ነው፣ ማስተባበል አይቻልም።

ክፍተቱን ወሬ ሞላው። የአለቃው ዘመድ ቤት ሠራ ተባለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ መኪና ቀየረ ተባለ። በጥቂት ወራት ውስጥ ምእመኑ በሁለት ስም መጠራት ጀመረ፤ የሚጠይቁት «አመፀኞች»፣ የማይጠይቁት «አጨብጫቢዎች»። በወሩ 21 አብረው ጽዋ ሲጠጡ የኖሩ እናቶች ተለያዩ። አንዲት እናት ለስእለት የገዙትን ምንጣፍ አሸክመው ሌላ ደብር ሰጡ። ከሁሉም ያሳዘነኝ ለቅሶ ላይ የታየው ነው። አንደኛው ወገን ሲሞትበት ሌላኛው አልሄደም። በእኛ አገር ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

መዝገቡን ስናየው ሌባ አጣን። እውነቴን ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርኒና የባንክ ወረቀት ስናመሳክር ከርመን ያገኘነው ሌላ ነገር ነበር። በኮቪድ ጊዜ፣ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና ያን ዓመት ፋሲካን በየቤታችን ሆነን ስናከብር፣ የደብሩ ገቢ ደረቀ። ሙዳየ ምጽዋት ባዶ ሆነ። ካህናቱና ዲያቆናቱ ደግሞ ቤተሰብ አላቸው። ኮሚቴው ተሰብስቦ ከሕንፃው ገንዘብ እየተነሣ ደመወዝ እንዲከፈል ወሰነ። ነገሩ ለጥቂት ወራት ተብሎ ተጀመረ፤ ከዚያ ለቀቅ ያለ ገቢ ሲጠፋ እየተለመደ ሄደ። ቃለ ጉባኤውም፣ ፊርማውም አለ። እኔ ያን ቀን እዚያ ብሆን ኖሮ እጄን አውጥቼ እደግፍ ነበር። የተራበ ዲያቆን ቆሞ ጣሪያ አይሠራም።

አለቃውን ጠየቅናቸው። «አባታችን፣ ለምን ለሕዝቡ አልተነገረም?»

«ልጄ፣ ለሕንፃ ብሎ የሰጠውን ለደመወዝ አዋልነው ብንለው ከእንግዲህ ማን ይሰጣል? ሕዝቡ ይበተንብናል ብለን ነው።»

ሕዝቡ ግን ተበትኗል። ያውም በሌሉበት ሌቦች ምክንያት። ሪፖርቱ በመጨረሻ በጉባኤ ሲነበብ፣ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ተነሥተው «ያን ጊዜ ብትነግሩን ኖሮ ደመወዙን እኛው እናዋጣው አልነበር እንዴ?» አሉ። መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ሽማግሌው በኮቪድ ጊዜ ለጎረቤት ዱቄትና ዘይት ሲያዞሩ ከነበሩት አንዱ ናቸው፤ ያሉትን ያደርጉት እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

ይህ ታሪክ ከአእምሮዬ የማይጠፋው ሌብነት ስለሌለበት ነው። ሌብነት ያለበት ደብር ጉዳይ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም፤ ሲኖዶሱ ራሱ በየጊዜው በሚያወጣቸው መግለጫዎች ሙስናንና ብልሹ አሠራርን ያነሣል፣ ስለዚህ «የለም» ብሎ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መደበቅ ንጹሑን ሰው ከሌባው ጋር አንድ ማድረጉ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ በጻፈው ዝነኛ ጥናቱ ያሳየው ይህንኑ ነው። ገዢው ጥሩውን መኪና ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚህ ዋጋ የጥሩ መኪና ባለቤት አይሸጥም፣ ከገበያው ይወጣል፣ ገበያው ውስጥ መጥፎው ብቻ ይቀራል። መኪናውን ተዉትና ገንዘብ ያዥ በሉት። ምእመኑ ታማኙን ከማይታመነው የሚለይበት ወረቀት ከሌለው ሁለቱንም እኩል ይጠረጥራል። ታማኙ ሰው ደግሞ «ስሜ ከሚጠፋ» ብሎ በሚቀጥለው ምርጫ አይወዳደርም። ማን ይቀራል? ስሙ ቢጠፋም ግድ የሌለው።

አልበርት ሂርሽማን ደግሞ በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ሰው በአንድ ተቋም ሲከፋ ወይ ይናገራል ወይ ይወጣል ይላል። ከሐሳቡ እኔን የያዘኝ አንድ ነጥብ አለ፤ ቶሎ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ስለ ጥራቱ አብዝተው የሚጨነቁት ናቸው፣ የመናገር አቅሙም ያለው እነሱ ዘንድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መውጣት ቀላል ነው። በእግር ሩብ ሰዓት ሄዶ ሌላ ደብር አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ ከቦርዱ ወይም ከካህኑ ጋር ያልተስማማው ወገን አዳራሽ ተከራይቶ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይከፍታል፤ አንዳንዱም ንብረቱን ይዞ ፍርድ ቤት ይካሰሳል። በየቦታው የሚቀረው ወይ የለመደ ወይ የሚጠቀም ነው። ከዚያ ያ ዝም ያለ ቅሪት «እነሆ አንድ ነን» ይባላል።

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እኔ ያየሁት ዝምታ ግን ነቅዟል።

እስቲ ደግሞ ወደ መጽሐፉ እንሂድ፤ ምክንያቱም «መጽሐፍ ቅዱስ አንድነትን እንጂ ክርክርን አያስተምርም» የሚሉኝ አይጠፉም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ ሐናንያና ሰጲራ መሬት ሸጠው ከዋጋው ከፊሉን አስቀርተው ቀሪውን ሙሉው ነው ብለው አመጡ። ብዙ ሰው ጥፋታቸው ስስት ይመስለዋል። ጴጥሮስ ግን መሬቱም የእነሱ እንደነበር፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በእጃቸው እንደነበር ይነግራቸዋል። ባይሰጡ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። የተጠየቁት በውሸቱ ነው።

አንድ ገጽ ገልበጥ አድርጉና ምዕራፍ 6ን አንብቡ። ግሪክኛ ተናጋሪ የነበሩት አማኞች በየቀኑ በሚሰጠው እርዳታ መበለቶቻቸው እንደተረሱ ጠቅሰው አጉረመረሙ። እንግዲህ ቋንቋም አለበት፣ ምግብም አለበት፣ አድሎም አለበት፤ ለመሰንጠቅ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ሐዋርያት ታዲያ «አንድነታችሁን አታፍርሱ» ብለው ጠያቂዎቹን አላሸማቀቁም። ሕዝቡን በሙሉ ሰብስበው፣ የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ራሱ ሕዝቡ እንዲመርጥ አደረጉ። እስጢፋኖስ ሰማዕት ከመሆኑ በፊት የማዕድ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ነበር ማለት ነው! ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ የተመረጡ ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አድርጓል፣ ምክንያቱንም ሳይሸሽግ ጽፏል፤ በገንዘቡ ጉዳይ ማንም እንዳይነቅፈው። ጳውሎስ ቆጣሪ ካስፈለገው፣ የእኛ ደብር አለቃ የማያስፈልጋቸው በምን ሒሳብ ነው?

አሁን ደግሞ ወደ ጠያቂዎቹ ልዙር፤ ሐቀኝነት የሚጠየቀው ከአስተዳዳሪ ብቻ አይደለምና። ስልኩን ደቅኖ «የደብሩ ምስጢር ሲጋለጥ» የሚል ርዕስ ለጥፎ ያላየውን የሚናገር ሰው በዝቷል። እይታ ገንዘብ ነው፤ ቁጣ ደግሞ ከእርጋታ ይልቅ ይታያል። እኔ ካየሁት ደብር ውስጥ «ሰብሳቢው በሕንፃው ገንዘብ መኪና ገዛ» ያለው ሰው አንድም ወረቀት አልነበረውም። መኪናው በብድር የተገዛ መሆኑ ሲታወቅም ይቅርታ አልጠየቀም፣ ዝም ብሎ ሌላ ርዕስ ያዘ። የሰብሳቢው ልጆች ግን ትምህርት ቤት «የሌባ ልጅ» ተብለዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው ሥርዓት ለሁለቱም ወገን ይበቃል። መጀመሪያ ብቻህን ንገረው፣ ካልሰማህ ምስክር ይዘህ ሂድ፣ ካልሰማም ለጉባኤው ተናገር ነው የሚለው ሐሳቡ። አስተዳዳሪዎች የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ያስታውሳሉ፤ «በጓዳ ለምን አልነገርከንም?» ይላሉ። የማኅበራዊ ሚዲያ ሰዎች ደግሞ የመጨረሻውን ብቻ ያስታውሳሉ።

«ጠላት ይስቅብናል» ለሚሉት አንድ ነገር ልበል። ሒሳብ ሲነበብ የሳቀ ጠላት አላየሁም። ሒሳብ ሳይነበብ ቀርቶ ነገሩ ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ግን የሳቀ ብዙ አይቻለሁ።

ምን ይደረግ ቢባል የሚያስፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። የሕንፃ ገንዘብ ለብቻው በደብሩ ስም አካውንት ይከፈትለት፤ በግለሰብ ስም የተከፈተ አካውንትና የአንድ ሰው ስልክ ላይ ያለ ቴሌብር ለቤተ ክርስቲያን አይሁን፣ ሰውየው የቱንም ያህል ጻድቅ ቢሆን። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ከሕዝብ የተመረጠ ሰው አብሮ ይቁጠር። በስእለት የገባ ወርቅ፣ ምንጣፍ፣ ዣንጥላ ይመዝገብ። የሱቆቹ የኪራይ ውል ለማን፣ በስንት እንደሆነ ይታወቅ። ከዚያ በየሦስት ወሩ አንዲት ገጽ፤ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ። ከቅዳሴ በኋላ ይነበብና በሩ ላይ ይለጠፍ። ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ መዋል ካለበትም ከመዋሉ በፊት ይነገር። አንባቢውም ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ይሁን፤ እንዳይሰማ ተብሎ የሚነበብ ሪፖርትም አይቻለሁና።

የነገርኳችሁ ደብር አሁን እንዲህ ያነባል። የመጀመሪያው ዕለት ሰው እየተንጠባጠበ ሄዶ ጥቂት ሰው ነበር የቀረው። በሁለተኛው አንዲት እናት ተነሥተው «ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ይህን ያህል ለምን ወጣ? እኛ ሰፈር መብራት እንዲህ አልጠፋም» ብለው ጠየቁ። ገንዘብ ያዡ ደነገጠ፣ ከዚያ ካርኒውን አመጣ፣ ከዚያ ስለ ናፍጣ ግማሽ ሰዓት ክርክር ሆነ። አለቃው «አንድነታችንን እንጠብቅ» አላሉም፤ ቁጭ ብለው አዳመጡ። ጣሪያው ገና ነው። ከሄዱትም የተመለሱት ጥቂቶች ናቸው፤ የስእለቱ ምንጣፍ አሁንም ሌላው ደብር ውስጥ ተነጥፏል።